አልሰማም

ሴትዮዋ ሥራዋ መተኮስ ነው። በካውያ። ይህን ቶሎ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰፈሩ በሙሉ «ተኳሿ» ሲላት ሰምቶ የሚደነግጥ እንግዳ አይጠፋም። ልብስ ንጽህና ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ ከእንፋሎት ካውያው ጋር ተፋጥጣ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማለች፤ በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ሸሚዝ አላቃጠለችም። ሰው ግን አቃጥላለች። ምላሷ ከካውያው ቀድሞ ይግላል፣ ከካውያው ዘግይቶ ይበርዳል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች የትኛውን መተኮስ አስበው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

ካቃጠለቻቸው ሰዎች መካከል ጠባሳው ለራሷም የተረፋት አንድ ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድምየው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሟች አባታቸውን ሬዲዮ፣ ያን የእንጨት ሳጥን ያለውን፣ «ላስተካክልልሽ» ብሎ ከቤቷ ወሰደና ድምፅ ማውጫውን ነቅሎ ለአንድ ደንበኛ ሬዲዮ ገጠመው። በአባታቸው ሬዲዮ ድምፅ ሌላ ሰው ቤት ዜና ይነበብ ጀመር። ተኳሿ ነገሩን እንደሰማች ሱቁ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ ደንበኞቹ ፊት፣ «ሁለተኛ ድምፅህን እንዳልሰማው» አለችው።

ጠጋኙ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ታላቅ እህቱ ያለችውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው። ድምፁን አላሰማትም። ሁለት ዓመት ሙሉ። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ንዴቷ በርዶላት ትጠብቀው ጀምራለች፤ ቀድማ መደወል ግን ከየት ይምጣ? አፏ ለመናገር እንጂ የተናገረውን ለመመለስ አልተፈጠረም።

በዚያ የሙቀት ሳምንት የቤቱ ዕቃ ሁሉ ተማክሮ ያመፀ ይመስል ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ሥዕሉ አለ፣ ሰዎቹ ይጮሃሉ፣ ይላቀሳሉ፣ በር ያላጋሉ፤ ድምፅ የለም። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ምልክት ታየች። የተኳሿ ባል የጣቢያው አዲስ አርማ ነው አለ። ባልየው ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ያለው ሰው ነው። ሪሞቱን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በፕላስተር አሽጎታል፤ አራት ዓመት ሆኖታል፣ አዲስ እንደሆነ ይቆይ ብሎ ነው። ቴሌቪዥኑን ከጎኑ መታው፣ ከላይ መታው፣ ነቅሎ ሰካው። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሶፋው ላይ ተዘረጋና ድራማውን ራሱ መተርጎም ጀመረ።

«ምን እያለችው ነው?» አለች ተኳሿ፣ እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ ገንዳ ውስጥ ነክራ።

«'የአባትህን ካፖርት የት አደረስከው' እያለችው።»

«እሱስ?»

«እሱማ ይዋሻል። አፉን አታይውም? የሚዋሽ ሰው ከንፈሩ አይገጥምም።»

በባልየው አተረጓጎም ድራማው ልጆቿ ስለከዷት አንዲት ምስኪን መበለት ነበር። ተኳሿ መጀመሪያ ሳቀችበት። ማክሰኞ ግን መበለቲቱ መስኮት ላይ ቆማ አፏን ስታንቀሳቅስ፣ ባልየውም «'ቤቱ ጸጥ ሲል ነው የምፈራው' አለች» ሲል፣ ተኳሿ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። እዚያም ምንም የሚሠራ ነገር አልነበራትም።

ከዚያ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የባልየው ስልክ ሙቀት በዝቶብኛል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ባልየው አዘነለትና ፍሪጅ ውስጥ አስገባው። ከታች ቢሆን ደግ ነበር፤ እሱ ያስገባው ከበረዶው ክፍል ነው፣ ከሥጋው አጠገብ። እስከ ምሳ ረሳው። ሲያወጣው ስልኩ ላብ በላብ ሆኖ አንዴ በራና ጠፋ። ከሙቀቱም ከባለቤቱም ለዘለቄታው ተገላገለ።

የተኳሿ ስልክ በሕይወት አለ፤ መኖሩ ግን መከራ ነው። አንድ የዶሮ መኖ ሻጭ ማስታወቂያውን ሲያጽፍ ሠዓሊው ከቁጥሩ መጨረሻ ሰባት መሆን የነበረባትን አንድ አደረጋት። በአንድ የሚያልቀው የተኳሿ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። በቀን አሥራ አምስት ሰው ይደውላል። «መኖ አለ?» «የእንቁላል ጣይ ነው የጫጩት?» መጀመሪያ አካባቢ ተሳስተዋል እያለች በትሕትና ትመልስ ነበር። ሰዎቹ ግን ይከራከሯታል፤ ማስታወቂያው ፊት ቆመን ነው የምንደውለው ይሏታል። በኋላ ብልሃቱን አገኘችው። «የለም፣ አልቋል» ስትላቸው አመስግነው ይዘጋሉ።

በዚያ ላይ ስልኩ መናገር ትቷል። ከሳምንት በፊት ጀምሮ የደወለው ሰው ሁሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚያወራ ይመስላል። እሷ የምትናገረው እዚያ ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት እሷ ጋ አይደርስም። ጮክ የሚያደርገውን ብትነካ ብትነካ ያው ማጉረምረም ነው። ኔትወርኩን ረገመች፣ ሙቀቱን ረገመች፣ ስልኩን ወደ ሽርጧ የደረት ኪስ መለሰችው፣ የሸሚዝ ኮሌታ ከሚያደርቀው የአሚዶ መርጫ ጎን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር የምትከትበት ቦታ።

ሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። የኋላው ክፍል መስኮት የለውም፤ ካውያው ያፏጫል፣ ላቧ በአገጯ ይወርዳል፣ ከፊቷ የሠላሳ ሰው ሸሚዝ ተደርድሯል። የማታውቀው ቁጥር ነው። አንስታ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ያዘችው።

«ዬ... እኔ... ቅር...» አለ ስልኩ።

«የለም። አልቋል» አለች።

ከዚያ ያው የታፈነ ድምፅ እንደገና፣ ረዘም ብሎ፣ የሚለማመጥ በሚመስል ዜማ መጣ። መኖ ፈላጊ እንዲህ ሲለማመጥ ሰምታ አታውቅም፤ ዶሮዎቹ ሊሞቱበት ይሆናል አለች በሆዷ።

«አልሰማም» አለች። «አልሰማም አልኩህ እኮ። ሌላ ቦታ ሞክር። ሁለተኛ እዚህ ቁጥር ላይ እንዳትደውል።»

ዘጋችና የቀረውን እጅጌ ተኮሰች። የደወለው ወንድሟ ነበር፣ ቁጥሩን ከቀየረ ዓመት አልፎታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ይቅርታ በወረቀት ጽፎ እያነበበላት። እሷ ይህን አላወቀችም። ሲመሽ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ የመበለቲቱን ታሪክ ከባሏ አፍ አዳመጠች።

ሐሙስ አክስቷ ልብስ ንጽህና ቤቱ መጡ። አክስትየው በስልክ አያምኑም፤ ወሬ በእግራቸው የሚያደርሱ ሰው ናቸው፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ጃንጥላ ይዘው። ከፊት የተቀመጠውን ባለ ሱቅ አልፈው፣ የተሰቀለውን ኮትና ቀሚስ በጃንጥላቸው እየገፉ፣ በቀጥታ ወደ ኋላ ክፍል ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ምን አደረግሁ አክስቴ? ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ታናሽሽ ሰኞ ደውሎ ይቅርታ ቢጠይቅሽ 'የለም፣ አልቋል' አልሽው። ይቅርታ ያልቃል? ስኳር ነው?»

«እኔ?»

«አንቺ። ደግሞ 'አልሰማም' አልሽው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። 'አልሰማም፣ ሌላ ቦታ ሞክር።' ሌላ ቦታ ማን አለው? ሌላ እህት ወልደንለታል?»

ተኳሿ አፏን ከፈተች። ብዙ ሰው ሊያየው የሚመኘው ነገር ነበር፤ ከዚያ አፍ ምንም አልወጣም። ሰኞን አሰበች። ዜማውን አሰበች። «ቅር» የሚለውን ቁራጭ አሰበችው፣ ከፊቱና ከኋላው የጎደለውን ሞላችው።

«አልሰማም ያልኩት እኮ...» አለች በመጨረሻ፣ «አልሰማም ማለቴ ነው። ስልኩ አይሰማም። ድምፁ አይመጣም።»

«ታዲያ ስልኩ አይሰማም አይባልም? አልሰማም የሚል ሰው አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። እኔ ራሴ ብሆን ቆርጦልኝ እዘጋው ነበር።» አክስትየው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ደግሞ እሑድ ጠዋት ይሄዳል። ሩቅ ነው አሉ፣ የማሰራጫ ጣቢያ ጥገና፣ ሦስት ዓመት። ሳይሄድ ብሎ ነው የደወለልሽ። ምንድን ነው እሱ የሚሸተው?»

የሚሸተው ካውያው ነበር። ተኳሿ እጇ ላይ እንዳለ ረስታው፣ ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ተጋድሟል። ስታነሳው የካውያው ቅርጽ፣ ሹል አፍንጫው ሳይቀር፣ ቡናማ ሆኖ ሸሚዙ ላይ ቀርቷል። ባለ ሱቁ ሮጦ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ ግን የመጣበትን ረስቶ ውኃ ልስጥሽ ወይ አላት።

ቤት ስትገባ ለባሏ ነገረችው። ባልየው ነገሩን በጥሞና አዳመጠና ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጻፈ። «ጉዳዩ፦ በስህተት የተሰጠን ምላሽ ስለማንሳት» ይላል አርእስቱ። ከዚያ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይቀጥላል። ግልባጭ ለአክስት የሚልም አለበት።

«ይህን አንብቢለት» አለ።

«ለወንድሜ?»

«ደንብ ነው። ሰው የጻፈውን አይሳሳትም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ማራገቢያ አደረገችው። አክስቷ የሰጧትን ቁጥር ደወለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። አይጠራም፣ ወይ ይጠራል ግን አይሰማም፤ ተነስቷል፣ ወይ አልተነሳም፤ የሚያጉረመርመው ወንድሟ ይሁን ደንበኛው መልስ አይሰጡም የምትለዋ ሴትዮ ትሁን አይለይም። «አልሰ...» ልትል ነበር፣ ምላሷን ነከሰችው። በሕይወቷ ምላሷን ስትነክስ የመጀመሪያዋ ነው፣ ስለማታውቅበትም አጥብቃ ነክሳው ደማ።

ይቅርታ ልትል ነበር። መኖውን ልታስረዳ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገችና «ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቷል» አለች። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።» ዘጋችው።

ባልየው አያት። «አነሳው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለማን ነው የነገርሽው?»

«ላነሳው።»

ዓርብ ሙቀቱ ባሰበት፤ እሷም አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። መኖ ፈላጊዎቹ ሲደውሉ አንዱንም አልዘጋችበትም። የማይሰማትን ጉርምርምታ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «እባክህ ወንድሜ ከሆንክ ቅዳሜ ና፣ መኖ ከሆነ የለም» ትል ነበር። ያን ቀን የደወሉ የዶሮ ባለቤቶች ምን እንዳሰቡ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጠጋኙ ነው፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ አቅፎ። ከስቷል። ጸጉሩ ጎኑ ላይ ሸብቷል፤ ሳታይ ሸበተባት፣ ይህ አናደዳት።

«ደህና ዋላችሁ» አለ ለወለሉ።

«ግባ» አለች። «ቴሌቪዥኑ ያው።»

ለሁለት ዓመት የተራቡት ሰላምታ ይኸው ሆነ። ውኃ ሰጠችው፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። ተኳሿ ከበስተኋላው ቆማ ታየው ነበርና ዓይኑ ወዲያው ወደ ጥጓ፣ ወደዚያች ቀይ ምልክት፣ ሲሄድ አየች። ከዚያ ሪሞቱን አነሳ። በፕላስቲኩ ላይ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ቀልጦ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ተጣብቆበታል። በጥፍሩ ላቀቀውና ቁልፉን ነካው። «...ለአባትሽ መርዙን...» ብላ መበለቲቱ ክፍሉ ውስጥ ጮኸች። ጠጋኙ እንደገና ነካውና ድምፁን አጠፋው።

ባልየው ሶፋው ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። «ምን መርዝ?»

ተኳሿ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ጠጋኙ ሪሞቱን ከጭኑ ሥር ደበቀ፣ መፍቻ አወጣ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አንድ በአንድ ፈታ። ምንም የሚጠገን ነገር የለም። በብሩሽ አቧራውን እየጠረገ፣ ያልተበላሸውን ሽቦ እየነካካ፣ የጠረገውን መልሶ እየጠረገ ተቀመጠ። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መሄድ የሚችል ሰው ሰዓት ሙሉ አቧራ ሲጠርግ ተኳሿ ገባት። ልጁ መሄድ አልፈለገም። ውኃ ደግማ ቀዳችለት።

«ስልክሽስ ደህና ነው?» አለ፣ ፊቱን ከሽቦዎቹ ሳያነሳ።

«አይሰማም።»

ብሩሹ ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አሁን ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ሰኞ... ሰኞም አይሰማም ነበር?»

«ሰኞም አይሰማም ነበር» አለች። «አልሰማም ነው ያልኩህ። አልሰማህም አላልኩም። አልሰማም ብዬ... አንተ ደግሞ ጠጋኝ አይደለህም? ድምፅ የማይመጣበት ስልክ አጋጥሞህ አያውቅም?»

«የለም፣ አልቋል ያልሽውስ?»

«መኖ ነው።»

«ምን?»

«የዶሮ መኖ። ይደውሉብኛል። ኧረ ተወኝ፣ ረጅም ነው።»

እጁን ዘረጋ፣ ስልኩን ሰጠችው። ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው፣ አሸተተው፣ ከቦርሳው መርፌ አውጥቶ በጆሮ በኩል ያለውን ቀዳዳ ጫረ። ነጭ ቅርፊት እየተላጠ መዳፉ ላይ ወደቀ። ከታች ያሉትንም ጫረ፣ ያው ነጭ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አሚዶ» አለች፣ ቀስ ብላ። «የኮሌታ።»

ጠጋኙ መዳፉን አየ። ከዚያ መሣቅ ጀመረ፣ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በትከሻው። «ስልኩን ኮሌታ አድርገሽዋል» አለ። እሷም ሳቀች፣ ባልየውም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። በዚህ መሐል ስልኩ መዳፉ ላይ ጮኸ። ጠጋኙ አነሳው፤ ከስልኩ ውስጥ ጥርት ያለ፣ ክፍሉን የሞላ የወንድ ድምፅ ወጣ።

«መኖ አለ እንዴ? የጫጩት።»

ጠጋኙ እህቱን አያት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሰኞ የሆነው ነገር አሁን ገና ሙሉ በሙሉ የገባው ይመስል ነበር።

«የለም፣ አልቋል» አለ ሰውየውን። «ሌላ ቦታ ሞክር።» ሰውየው አመሰገነና ዘጋ።

ስልኩን ለተኳሿ መለሰላት። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ወዴት እንደሚመለከት ጠፋው። «ልሞክረው» አለ። «ከሩቅ ሆኖ መሞከር አለበት።» በረንዳው ላይ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ከእሷ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። በመስታወቱ ጀርባውን ታየዋለች። ከኋላ ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት ሲያወጣም አየች።

ስልኩ ጮኸ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል» አለች።

«እሺ።» ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እንኳ ይሰማል። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይቅርታ። ሬዲዮኑን ስነቅለው ዕቃ ነው ብዬ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ ዕቃ ነው፣ ከአንዱ ነቅዬ ለአንዱ እየገጠምኩ ነው የምኖረው። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ስትናገሪኝ ነው አባባ ጆሮውን ለጥፎበት እኛን ዝም በሉ የሚልበት ሬዲዮ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ሰውየው ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ለምኜዋለሁ። በአራተኛው ስሄድ ቤት ቀይሯል። ሳጥኑ እኔ ጋ አለ፣ አልጣልኩትም። ከዚያ... ድምፅሽን እንዳልሰማው ስትዪኝ... አይ፣ 'ድምፅህን' ነው ያልሽው፣ እዚህ ጋ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ግን እውነቱም እንደሱ ነው። የእኔን አለመስማትሽ ምንም አይደለም፣ እኔ ብዙም አላወራም። ያንቺን ሳልሰማ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። የሚቆጣኝ ሰው የለም። ነገ እሄዳለሁ። ይኸው ነው። ከዚህ በታች ፊርማ ነው።»

ተኳሿን አንድ ቃል እንኳ አላመለጣትም። በአንዱ ጆሮዋ በስልኩ፣ በሌላው በመስታወቱ በኩል፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሰማችው። ትንፋሹን ሰማች። አፍንጫውን ሲስብ ሰማች። እንባዋ ከላቧ ጋር ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ሲደርስ በሽርጧ ጠረገችው፤ ባልየው ሶፋው ላይ፣ የሚተረጉመው ነገር ጠፍቶት፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«እትዬ?» አለ ስልኩ። «ተሰማ?»

ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አልሰማሁም» አለች። «ከመጀመሪያው ድገመው።»